የፈረንጅ ዶሮ ውሃ

ሳጉሬ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1952 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ኃይለመስቀል፣

እንደምን ከርመዋል? እኔ ደህና ነኝ፤ ፅጌረዳም አሰላ ትምህርቷ ላይ ናት፣ ደህና ናት። ከዚህ የበለጠ ሰላምታ ዛሬ ከአፌ አልወጣ ስላለኝ ይቅር ይበሉኝ።

ደረሱ ወይ ላሉኝ፣ ዶሮዎቹ ደርሰዋል። ከድሬዳዋ ናዝሬት በባቡር፣ ከናዝሬት አሰላ በጭነት መኪና፣ ከአሰላ ሳጉሬ ደግሞ በእኔና በአህያዬ ነው የመጡት። አሥራ ሁለቱም ነፍስ አላቸው። የአገራችን ዶሮ የሚያውቀውን ግን አንዱንም አያውቁም። ድመት ሲያዩ አይሸሹም፣ እጣቢ ቢሰጧቸው አይጠጡም። ንጹህ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ እሱንም ቀኑን ሙሉ ፊታቸው ካላገኙት ይጮሃሉ። ጎረቤቴ ፋጡ «እነዚህስ እንግዶች እንጂ ዶሮዎች አይደሉም» ብላ ስቃብኛለች። እንቁላል መጣላቸው ግን እውነት ነው፤ ሰባቱ ጀምረዋል።

ቃልሽን ላኪ ያሉት ላይ ነው የተናደድኩት። የጻፉትን እኔው ልድገምልዎ፣ በትክክል ሰምቼው እንደሆነ ይንገሩኝ። ባሏ የሞተባት ሴት ልጅ ማስተማር አትችልም ብለዋል። እችላለሁ ካልሽ ግን አሥራ ሁለት የፈረንጅ ዶሮ ከእርሻ ትምህርት ቤታችን ልኬልሻለሁ፣ እንቁላላቸውን እየሸጥሽ አስተምሪ፤ ለፋሲካ መጥቼ ስቆጥር ስድስትና ከስድስት በላይ ካገኘሁ ፅጌረዳ ትምህርቷን ትቀጥል፣ ከስድስት ካነሱ ለአቶ ግዛቸው ልጅ ትዳራለች ብለዋል። ይህንን ማን እንዳነበበልኝ ያውቃሉ? ራሳቸው አቶ ግዛቸው ናቸው። ፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለሆኑና የእርስዎ ወዳጅ ስለሆኑ ደብዳቤው በእሳቸው እጅ መጣ፤ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ የልጄን ነገር የልጁ አባት አነበቡልኝ። «ለአቶ ግዛቸው ልጅ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደሜ ፈላ።

ደግሞ ደብዳቤዬን ፅጌረዳ እንዳታነበው፣ የቤታችንን ነገር ባለሱቅም እንዳያየው ብለዋል። ማንበብ ባልችል አይፈረድብኝም፤ እርስዎን ቄስ ትምህርት ቤት ሲሰዱ እኔን ከብት ጥበቃ ነው የሰደዱኝ። እሺ፤ የእርስዎን ደብዳቤ አቶ ግዛቸው ያንብቡልኝ። የእኔን ግን ሽኩር ባለሱቁ ይጽፍልኛል፤ ይህንንም የከለከሉኝ እንደሆነ መነጋገራችን ይቀራል።

አባታችን ሲሞት በእሱ ቦታ የቆሙት እርስዎ ነዎት፤ የልጄ አባት ከሞተ በኋላም ትምህርት ቤቱ ውስጥ አሳዳጊ ተብሎ የተጻፈው የእርስዎ ስም ነው። ስለዚህ ተስማምቻለሁ። ጣቴን ቀለም ነክሬ ከታች አትሜአለሁ። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ አስተማሪዋ ለነርስነት ትሆናለች ብሏታል። ዶሮዎቹን አላስነካም።

እህትዎ አባይነሽ


ሐረርጌ፣ ኅዳር 22 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለእህቴ ለወይዘሮ አባይነሽ፤ በአቶ ግዛቸው እጅ።

ስለ ውሃው በረዶ መሥራት የጻፍሽው ደርሶኛል። ለዚህ ደብዳቤ መጻፍሽ አስገርሞኛል። ጠዋት በሳህኑ ላይ በረዶ ካገኘሽ በዱላ መስበር ነው። «ብሰብረውም መልሶ ይረጋል፣ ፀሐይ እስክትሞቅ ሲጮሁ ይቆያሉ፣ እንቁላልም አቆሙ» ብለሻል። እኔ ቆላ ተቀምጬ የደጋውን ውርጭ ረሳሁት ማለትሽ ነው። አልረሳሁም፤ እዚያው ነው የተወለድሁት።

ቢሆንም ጠይቄልሻለሁ። እዚህ ትምህርት ቤታችን፣ በአገሩ ውሃ ድንጋይ ሆኖ የሚከርምበት አንድ ፈረንጅ አስተማሪ አለ። የነገረኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁና በጥንቃቄ አድምጪ። አንድ የቢራ ጠርሙስ ፈልጊ። እስከ አንገቱ ሳይደርስ ውሃ ጨምሪበትና አንድ እፍኝ ጨው በጥብጪበት። አፉን በቡሽ ድፈኚው፤ በቡሹም ላይ ሰም አቅልጠሽ አፍስሺበት፣ ጠብታ እንዳይወጣው። ከዚያ ጠርሙሱን ዶሮዎቹ በሚጠጡት ንጹህ ውሃ ላይ አጋድመሽ አንሳፍፊው። ጨው ያለበት ውሃ ቶሎ አይረጋም፤ ጠርሙሱም በነፋስ ሲንቀሳቀስ የላዩን በረዶ ይሰብረዋል። ጨዉ ግን ከጠርሙሱ እንዳይወጣ፤ ጨው የጠጣ ዶሮ በሁለት ቀን ይሞታል። ይህንን አጥብቄ አሳስቤሻለሁ።

ውሃው በየቀኑ ይለወጥ፤ ኩስ የገባበትን አታጠጪ። ለአቶ ግዛቸው የሚገባቸውን አክብሮት አትንፈጊ። ልጃቸው ጨዋ ነው፤ መሬትም አላቸው።

ወንድምሽ ኃይለመስቀል


ሳጉሬ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1952 ዓ.ም.

ጋሼ ኃይለመስቀል፣

ሰላምታ የለኝም። ስድስት ዶሮ ሞቷል።

እንዴት ሞቱ እንዳይሉኝ፤ እርስዎ ባዘዙት መንገድ ነው የሞቱት። አቶ ግዛቸው የደብዳቤውን ፊትና ጀርባ አገላብጠው «ፈረንጁ የነገረኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ፤ አንድ እፍኝ ጨው ውሃቸው ውስጥ በጥብጪ፣ ጨው ያለበት ውሃ ቶሎ አይረጋም» ብለው አነበቡልኝ። «ዶሮ ጨው ይጠጣል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የተማረ ሰው ነው የጻፈው» አሉኝ። እኔም የተማረ ወንድሜን አመንኩ። አሞሌ ወቅጬ፣ በወንፊት ነፍቼ፣ በእጄ በጥብጬ ሰጠኋቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ የእኔ ውሃ አልረጋም። ደስ አለኝ፤ እንዲያውም መረቅሁዎት። እነሱም ጠጡ። ጥማቸው እየባሰ፣ እየጠጡ፣ ደግሞ እየጠጡ። በሁለተኛው ቀን ተቅማጥ ያዛቸው፣ አንገታቸው አልቆም አለ። አንዷ ሳህኑ ላይ አፏን እንደደፋች ነው የሞተችው። ፋጡ መጥታ ጣቷን ነከረችና ቀመሰች፤ «ሶጊዳ» አለችና ተፋችው። ጨው ማለቷ ነው። «አንቺ ሴትዮ፣ ማን ነው ይሄን የመከረሽ?» አለችኝ። የእርስዎን ስም መጥራት አፈርኩ።

ስድስቱ የተረፉት በእኔ ብልሃት አይደለም። በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው ከፋጡ ጥጃዎች ገንዳ ሲጠጡ ስለነበር ነው።

አሁን የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄዱ ይመልሱልኝ። ፋጡ ፊደል ሳትቆጥር የምታውቀውን የእርስዎ ፈረንጅ እንዴት አጣው? ወይስ ፈረንጁ ምንም አላለም? አውቀው ነው ወይ ያደረጉት? ሽኩር ይህን ሲጽፍ «እቴቴ፣ ይቅርብሽ፣ ታላቅሽ ናቸው» ብሎኛል። ጻፍ ብዬዋለሁ።

አባይነሽ


ሐረርጌ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለአባይነሽ፤ በአቶ ግዛቸው እጅ።

በባለሱቅ እጅ ያስጻፍሽውን ስድብ አነበብሁ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ድፍረት ከታናሾቼ አልደረሰብኝም።

ጠርሙሱስ የት ገባ? ጨዉን ጠርሙስ ውስጥ፣ ጠርሙሱን በቡሽ፣ ቡሹን በሰም ብዬ እንደ ሕፃን ልጅ ዘርዝሬ ጽፌልሽ የለም? ጨው የጠጣ ዶሮ ይሞታል ብዬ አስጠንቅቄሽ የለም? እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ምን ላድርግ፤ መጥቼ በእጄ ላጠጣልሽ? የተነገረሽን ሰምተሽ መሥራት ካልቻልሽ ልጅ ማስተማሩ እንዴት ይሆንልሻል? የተናገርሁት ይኸው ደረሰ።

አቶ ግዛቸው ደብዳቤዬን ደግመው ያንብቡልሽና የገዛ ጥፋትሽን በጆሮሽ ስሚ። ስድስት ቀርተውሻል። አንድ ከጎደለ ነገሩ አለቀ።

ኃይለመስቀል


ሳጉሬ፣ ጥር 4 ቀን 1952 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ታኅሣሥ ላይ አውቀው ነው ወይ ብዬ ስለጠየቅኩዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የጻፉት ልክ ነበር። አሁን ይቅርታዬን ይያዙና የቀረውን ይስሙ።

ፅጌረዳ ለገና መጣች። የሞቱትን ዶሮዎች የት እንደቀበርኳቸው አሳየኋት። «እናቴ፣ አጎቴ እንዲህ ብሎ አይጽፍም፤ ደብዳቤውን አምጪው» አለችኝ። እንዳታነብ ያሉትን አልረሳሁም። ከሣጥኔ አውጥቼ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፣ ተቀምጣ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ጮክ ብላ ለእኔ አነበበችልኝ። የቢራ ጠርሙስ። ቡሽ። ሰም። ጨው የጠጣ ዶሮ በሁለት ቀን ይሞታል። እኔ በጆሮዬ ይህን የሰማሁት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ሁለተኛውንም ደብዳቤ አነበበችልኝ። ከእሱ ውስጥ አቶ ግዛቸው ያነበቡልኝ ስድቡን ብቻ ነበር።

ነጠላዬን ሳላስተካክል ግዛቸው ቤት ሄድኩ። ከእንግዲህ አቶ አልለውም። እንግዳ ይዞ ተቀምጧል። ደብዳቤውን ከፊቱ ዘርግቼ «ጠርሙሱን ከየትኛው ዓይንዎ ላይ ጣሉት?» አልኩት። «እ… ሲነበብ መስመር ተዘሎ ይሆናል» አለኝ። ፅጌረዳ ቆጥራዋለች፤ ስለ ጠርሙሱ የተጻፈው ስድስት መስመር ነው። አንድ መስመር ይዘለላል። ሰው ስድስት መስመር ዘልሎ፣ ከላይና ከታች የቀረውን ገጣጥሞ፣ መርዝ አድርጎ የሚያነበው አስቦበት ነው። በሁለተኛው ደብዳቤ ደግሞ ጠርሙስ የሚለው ቃል ገና ከላይ ነው ያለው። እሱንም ዘለለው። እንግዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ልጁም በር ላይ ቆሞ ሰምቷል፤ እሱ እንኳ አፈረ።

እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ይፍረዱ። ስድስት ዶሮ የገደለብኝ ሰው፣ ስድስት ዶሮ ሞተብሽ ብሎ ልጄን ሊወስድ ነው ወይ? ውሉን ያፍርሱት። ለእሱም ይጻፉለት። ለእኔ የሚጽፉትንም ከዛሬ ጀምሮ በሽኩር አድራሻ ይላኩ፤ ፅጌረዳ በሌለችበት ሽኩር ያነብልኛል።

አባይነሽ


ሐረርጌ፣ ጥር 26 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለአባይነሽ፣

ለአቶ ግዛቸው ጽፌ መልስ አግኝቻለሁ። ዓይናቸውን እንደሚያማቸውና የእኔም እጅ ጽሕፈት የተጣበበ እንደሆነ ገልጸውልኛል። አንቺም በችኮላ የምትሰሚ ሰው ነሽ። ሃያ ዓመት የማውቀውን ሰው በዶሮ ምክንያት አላዋርደውም፤ አንቺ ግን በእንግዶቹ ፊት አዋርደሽዋል። ፅጌረዳም ያልተፈቀደላትን ደብዳቤ በማንበቧ አዝኛለሁ። ትምህርት እንዲህ ያደርጋል ብዬ የፈራሁት ይህንኑ ነው።

ስድስት አሉሽ፤ ውሉም ስድስት ይላል፤ ምን ጎደለብሽ? በጣትሽ አትመሽበታል። ለፋሲካ መጥቼ እቆጥራለሁ።

ጠርሙሱን አሁን እየተጠቀምሽበት እንደሆነ አስታውቂኝ፤ አስተማሪው ይጠይቀኛል።

ኃይለመስቀል


ሳጉሬ፣ የካቲት 19 ቀን 1952 ዓ.ም.

ጋሼ ኃይለመስቀል፣

ጠርሙሱን ሞክሬዋለሁ። ለፈረንጅዎ ይንገሩት፤ እዚህ ነፋሱ የሚነሳው ረፋድ ላይ ነው፤ ውርጩ በሚከብድበት ሰዓት ቅጠል አይነቃነቅም። ጠርሙሱም እንደ ባላባት ተጋድሞ በረዶው ዙሪያውን ያዘው። ሁለት ጠዋት አየሁትና አውጥቼ ለሽኩር መለስኩለት።

ውሃው ግን አሁን አይረጋም። ያዳነኝ የእርስዎ ትምህርት ቤት አይደለም። ፋጡን «የጥጃዎችሽ ገንዳ ለምንድነው የማይረጋው?» ብዬ ጠየቅኳት። በዚህች ሴት አጥር ሥር አሥር ዓመት ስኖር ጠይቄያት አላውቅም። ይዛኝ ገባችና እጄን ከገንዳው ሥር አስገባችው፤ ይሞቃል። ገንዳውን ያስቀመጠችው የፈረስ ፋንድያና ገለባ በተከመረበት ላይ ነው። ፋንድያው ሲብላላ ከውስጥ ይሞቃል፤ አያቷም እንዲህ ታደርግ ነበር አለችኝ። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት «አልጠየቅሽኝም፤ አንቺ ደብዳቤ ነው የምትጠይቂው» አለችኝ።

እኔም ቤቱ ጥግ፣ ነፋስ በማይደርስበት፣ እስከ ጉልበቴ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ትኩስ ፋንድያ ከገለባ ጋር ሞላሁበትና አፉ የተሰበረ እንስራ እስከ ትከሻው ቀበርኩበት። በላዩ ላይ ሽኩር ከዕቃ ሣጥን ሳንቃ ክዳን ሠራልኝ፤ የዶሮዎቹ ራስ ብቻ የሚገባበት ቀዳዳ አለው፣ ስለዚህ እግራቸውን አይነክሩበትም፣ ኩስም አይጥሉበትም። ፋንድያውን በስምንት ቀን እቀይራለሁ። ውሃውን ጠዋትና ማታ ከምንጩ አመጣለሁ፤ እንስራውን በአመድ አጥባለሁ። እጄ ተሰነጣጥቋል፣ ወገቤም አልቀናም። ስድስቱም አሉ፤ አምስቱ ይጥላሉ።

ይህን ሁሉ የምጽፍልዎ እንዲያደንቁኝ አይደለም፤ ንዴቴ አልበረደም። ግዛቸው በየሳምንቱ በአጥሬ ላይ አንገቱን አስግጎ ይቆጥራል። አንድ ቀን ድንጋይ አንስቼበታለሁ፤ ይህንንም ሳይነግርዎ አይቀርም።

ለፋሲካ ይምጡ። ይቁጠሩ። ቆጥረው ሲጨርሱ ግን የሚሉትን ፅጌረዳ ፊት ይላሉ።

አባይነሽ


ሐረርጌ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለአባይነሽ፣

ለፋሲካ ያልመጣሁት ሥራ ይዞኝ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ከሌላ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ስድስቱ ዶሮዎች መኖራቸውን አቶ ግዛቸውም አልካዱም። ነገር ግን ለፅጌረዳ ጋብቻ ለሽማግሌዎቹ ቃል የሰጠሁት መስከረም ላይ ነው፤ ዶሮዎቹን ከመላኬ በፊት። እሺታሽን በግድ ከምወስድ፣ እንደማትችዪ ራስሽ አይተሽ እንድታምኚ ብዬ ነው ውሉን ያሰብሁት። አስተማሪው ገና ስገዛቸው በዚያ ብርድ እነዚህ ዶሮዎች ገናን አያልፉም ብሎኝ ነበር። በእርግጥ ስለ በረዶው ስትጠይቂኝ እውነተኛውን ነው የነገርሁሽ፤ በዚያ አትጠርጥሪኝ። ይከርማሉ ብዬ ግን አላሰብሁም። ክፋት አይደለም። ያለ አባት የምታድግ ልጅ መጠጊያ ያስፈልጋታል ብዬ ነው።

ሰው ፊት የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም። ሠርጉ ግንቦት 20 ይሆናል። ፅጌረዳ ከትምህርት ቤት እንድትወጣ ለዳይሬክተሩ እጽፋለሁ፤ አሳዳጊ ተብዬ የተመዘገብሁት እኔ ስለሆንሁ የሚያስቸግር ነገር የለውም። አንቺም ተረጋግተሽ ተዘጋጂ። ለድግሱ ዶሮዎቹ ይጠቅሙሻል።

ወንድምሽ ኃይለመስቀል


አሰላ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1952 ዓ.ም.

ኃይለመስቀል፣

አንቱ ማለቱን ትቻለሁ። ስድስት ወር ስትዋሸኝ፣ ስትቆጥረኝ፣ በውርጭ ስታንከራትተኝ አንቱ ብዬሃለሁ፤ ይበቃል።

ደብዳቤህን ሽኩር አነበበልኝ። «ለድግሱ ዶሮዎቹ ይጠቅሙሻል» የሚለው ላይ ሲደርስ አቆመ፤ ይቅር አለኝ። አንብበው አልኩት። በማግስቱ ሽኩርንና ፋጡን ይዤ አሰላ ወረድኩ። ፋጡ ከቤቷ ወጥታ ለማንም ጉዳይ ቢሮ ገብታ አታውቅም፤ «እኔም ልጆች አሉኝ» ብላ ነው የተከተለችኝ።

ዳይሬክተሩ ያንተ ደብዳቤ ገና እንዳልደረሰው ነገረኝ። ቢደርስም ምን እንደሚል እኔ ነገርኩት። መዝገቡን አስወጣ፤ አባት የሞተ፣ አሳዳጊ አጎት ተብሎ ተጽፏል። «እናትየው አለሽ እንዴ?» አለኝ። አለሁ አልኩት። ሦስት ዓመት እዚያ መዝገብ ላይ አልነበርኩም፤ ያኔ ስታስመዘግባት በር ላይ ቆሜ እየጠበቅኩህ ነበር፤ አንድም ሰው አልጠየቀኝም፣ እኔም አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም። «በምን ታስተምሪያታለሽ?» ሲለኝ ዶሮ አረባለሁ አልኩት። «በሳጉሬ ብርድ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ስለ ጉድጓዱና ስለ እንስራው ነገርኩት፤ ሳቁን ተወ፤ ብዕር አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። ሁለቱ ምስክርነታቸውን ሰጡ። ያንተ ስም ተሰርዟል። የእኔ ተጽፏል። ከእንግዲህ ስለ ፅጌረዳ የምትጽፈው ሁሉ ለእኔ ተነቦ እኔ ነኝ የምመልሰው።

ለግዛቸውም መልእክት በሰው ልኬበታለሁ። ሽማግሌዎቹ ቃል የተቀበሉት ካንተ ነው፤ ቃሉን ከፈለጉ ሐረርጌ ይሂዱ። ሴት ልጅ ካለህ ያንተን ስጣቸው።

ይህን የምትጽፍልኝ ፅጌረዳ ናት፤ ትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠናል። ብዙ ነገር ጽፋልኛለች፤ ንዴቴ ግን አልወጣልኝም። የማልነግርህ አንድ ነገር አለ ብዬ ነበር፤ እነግርሃለሁ።

ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ወጥቼ ስቆጥር ዶሮዎቹ አምስት ሆኑብኝ። ውርጩ ከባድ ነበር። ደግሜ ቆጠርኩ፣ አምስት። አጥሩ ሥር አየሁ፣ ፋጡ ግቢ አየሁ፣ የለችም። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያኔ በልቤ ምን አሰብኩ መሰለህ? ግዛቸውን መግደል አላሰብኩም፤ አንተን መርገምም አላሰብኩም። ፅጌረዳን ከአሰላ የማመጣት ሐሙስ ነው ወይስ አርብ ብዬ ነው ያሰብኩት። የትኛውን ቀሚሷን ላልብሳት ብዬ ነው ያሰብኩት። ዶሮዋ በኋላ ከጭድ ውስጥ ወጣች፤ እንቁላል ልትጥል ገብታ ነው። እኔ ግን ያን ጠዋት ልጄን ድሬያት ነበር።

አሁን፣ ዶሮዎቹ አምስት ቢሆኑም፣ አንድ ባይቀርም ልጄን አልሰጥህም ነበር ብለሽ ጻፊ ልላት አፌን ከፈትኩ። ውሸት ነው። በጣቴ አትሜ ነበር፤ እሰጥህ ነበር። ልጄን በአንድ ዶሮ ውሃ መጠጣትና አለመጠጣት ላይ አስቀምጬ ስድስት ወር ውሃ ቀዳሁ፤ አይሆንም ማለት የሚባል ነገር እንዳለ ሳላውቅ። ሞኝ አድርገህ ብታታልለኝ ግድ የለኝም። እዚህ አድርሰኸኝ ነበር፤ ይሄን ይቅር አልልህም። ለራሴም ገና አላልኩም።

ፅጌረዳ ይህን አልጽፍም ብላ ብዕሩን አስቀምጣ ነበር። ጻፊ አልኳት።

አባይነሽ፣ የፅጌረዳ እናት